ካርቡሬተሩ ምን በደለ? «አሮጌ ሞተር ነዳጅ ሲያጥረው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሌላው የአክስቴ ልጅ። ሦስተኛው አጂፕ አካባቢ ሞተሬን የማሳድርበት ግቢ ጥበቃ። ርእሱ «አሮጌ ሞተር ነዳጅ ሲያጥረው» ይላል። ሦስቱም «ይቺ ላንተ ናት» ብለው ነው የላኩልኝ። አሮጌ ሞተር እየገፋሁ ዳገት ስወጣ ያላየኝ የጅማ ሰው የለም መሰለኝ።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው ሞተር እንደሚወድ ያስታውቃል። ግን ምክሩን የሚከተል ሰው ገንዘቡን ያወጣል፣ ሞተሩ ደግሞ እዚያው ዳገት ላይ ይጠፋበታል። ይሄን የምለው በግምት አይደለም። ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። እየተንተፋተፈ የሚጠፋ አሮጌ ሞተር ችግሩ ከአሥር ዘጠኙ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ነው፤ አዲስ ገዝታችሁ ግጠሙ። ታንከሩ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀሉ፤ ቤንዚን ከፈሰሰ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ቀድታችሁ ከማደያ ስትወጡ ከጠፋ ጥፋቱ የማደያው ነው። ቱቦው ላይ የምትገባው ፊልትሮ (ማጣሪያ) ፍሰት ስለምታንቅ አውጥታችሁ ጣሏት። የካርቡሬተር ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። ቆሻሻው ታች ስለሆነ ሪዘርቭ (የመጠባበቂያ ቤንዚን) ላይ በፍጹም አትንዱ። በመጨረሻም እንደ ጅማ ባለ ከፍ ያለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ነዳጅ ያጥረዋል።

አጣምሜበት ከሆነ ጸሐፊው ያርመኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። በግብርና ሥራ ከሰቃ እስከ ማና የገጠር ቀበሌ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። የምነዳው ባለ ሁለት ምት ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ፓምፕ የለውም። ቤንዚኑ ከታንከር ወደ ካርቡሬተር የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የአገራችን አሮጌ ሞተሮችም እንደዚሁ ናቸው። የምለው ሁሉ ስለነሱ ነው።

እንግዲህ ከካርቡሬተሩ እንጀምር።

«ከአሥር ዘጠኙ» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አልተነገረንም። እኔ ግን እገምታለሁ። ካርቡሬተር የሚፈታ፣ የሚገጠም፣ ገበያ ላይም የሚገኝ ዕቃ ነው። መካኒኩም ባለሞተሩም አንድ ነገር የሠሩ ይመስላቸዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንደዚህ ነው።

የኔዋ አንድ ሰኔ ላይ ጅሬን ዳገት ላይ መጥፋት ጀመረች። ከፈረንጅ አራዳ ስነሳ ሸጋ ናት። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ስይዝና ነዳጅ ስሰጣት ግን ግማሽ ላይ ሳል ይጀምራታል። ከዚያ ቀጥ ትላለች። አምስት ደቂቃ ቆሜ ስረግጣት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ትጠፋለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ካርቡሬተር ነው» ተባልኩ። ገዛሁ፣ ተገጠመ። በማግስቱ ያው ዳገት፣ ያው ቦታ፣ ቀጥ። በዚያ ላይ አዲሱ ካርቡሬተር ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ መሥራት) አልይዝ አለ። ከውጭ አሮጌውን ይመስላል እንጂ ውስጡ ያሉት ጄቶች (ቤንዚን የሚያልፍባቸው ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) ለሌላ ሞተር የተለኩ ነበሩ። አንድ ችግር ይዤ ገብቼ በሁለት ወጣሁ።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ሁሉም «አባባ» የሚላቸው አዛውንት መካኒክ አሉ። አፍሬ ሄድኩ። ሞተሯን እንኳ አልነኩም። «ልጄ፣ ስትጠፋብህ መጀመሪያ ምን ትነካለህ?» አሉኝ። «ካንዴላውን፣ አባባ» አልኩ። «አይ፣ ክዳኑን ንካ» አሉኝ።

በነጋታው ጅሬን ላይ ስትጠፋ የታንከሩን ክዳን ፈታሁ። ፊሽሽሽ ብሎ አየር ገባ። ክዳኑን ላላ እንዳለ ትቼ ረገጥኳት። ተነስታ እስከ ላይ ወጣች።

ጥፋተኛው ማን ነበር መሰላችሁ? እኔው። የክዳኑ ጎማ አርጅቶ ስለነበር ዝናብ እንዳይገባ ብዬ ሰኔ ሲገባ ከሥሩ ፌስታል አድርጌ ነበር። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ይፈርድልኛል። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች። ቤንዚን ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንከሩ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፣ ቤንዚኑንም ወደ ላይ ይይዘዋል። ፌስታሌ ያቺን ቀዳዳ አፍኗት ኖሯል። ለብዙዎች ደግሞ የሚያፍናት ደርቆ የከረመ ጭቃ ነው።

ለምን ከተማ ውስጥ ሳትጠፋ ዳገት ላይ? ካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ሳህን አለ። ቀስ ብዬ ስነዳ ከላይ የምትንጠባጠበዋ ትበቃዋለች። ዳገት ላይ መስጫውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዘው ከሚገባው የሚወጣው ይበልጥና ሳህኑ ይደርቃል። ቆሜ ስጠብቅ ቀስ ብሎ ይሞላል። ስለዚህ በሚኒሞ ጤነኛ ሆኖ በጫና ጊዜ ከትንሽ ቆይታ በኋላ የሚጠፋና ጥቂት አርፎ የሚነሳ ሞተር ካያችሁ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከካርቡሬተሩ በላይ ያለው መንገድ ነው። የካርቡሬተሩ ቀጭኗ የሚኒሞ ቀዳዳ ብትደፈን ኖሮ፣ ምልክቱ ተቃራኒ ነበር የሚሆነው፤ ቆሞ አይሠራም፣ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይነሳል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው አለኝ። ለወራት ቆሞ የከረመ ሞተር ከሆነ እሱ ልክ ነው። ቤንዚኑ ሳህኑ ውስጥ ተንኖ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፣ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎችም ይዘጋል። ያኔ ካርቡሬተሩ ይፈታ። ማጽዳትና መቀየር ግን ሁለት ነገር ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገርም አለ። የጠፋ ሁሉ ነዳጅ አጥሮት ነው ወይ? ሲግል እሳት የሚያቆም ጥቅልል (ኮይል) ያለው ሞተርም ልክ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው፤ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። ለመለየት ካቻቢቴ ብቻ ይበቃል። በጠፋበት ደቂቃ፣ ሳትጠብቁ፣ ከሳህኑ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጉ። ሳህኑ ሙሉ ከሆነ ቤንዚን ከላይ ወርዷል ማለት ነው፤ ወደ ካንዴላና ወደ ገመዱ ዙሩ። ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ነዳጅ ነው። ሌላም ዘዴ አለ። መንተፋተፍ ሲጀምር ቾኩን (ለማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛውን) ግማሽ ሳቡት። ነፍስ ከዘራ ቤንዚን አንሶት ነበር። ይሄ ሁሉ ግን የሚሠራው በጠፋበት ሰዓት ነው። ገፍታችሁ ጋራዥ እስክታደርሱት ሳህኑ ሞልቶ ይጠብቃችኋል፣ መካኒኩም «ምንም የለበትም» ይላችኋል።

ወደ ቱቦው ሙከራ እንሂድ። «ቤንዚን ከፈሰሰ ደህና ነው» የሚለው ከሁሉም በላይ ያሳሳተ ምክር ይመስለኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። መንቀሉ ልክ ነው። ግን ስንት ይፍሰስ? ለስንት ጊዜ?

ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሰዓት 60 ቢነዳ በሰዓት 2 ሊትር ይጠጣል። በደቂቃ 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ግማሽ ሲኒ ቡና! ዳገት ላይ ኋላው ጆንያ ተጭኖበት እጥፍ ቢጠጣ እንኳ አንድ ሲኒ ነው። ሰው ቱቦ ነቅሎ የሚያየው ለአምስት ሴኮንድ ነው። ክዳኑ የታፈነ ታንከርም ለአምስት ሴኮንድ ያህል ያፈሳል። የኔዋ ሞተር በዚያች ሰኔ ይሄን ፈተና በማዕረግ ታልፍ ነበር።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ክዳኑ ይዘጋል፤ ይሄ አይረሳ። የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ቱቦው ሥር እይዛለሁ። የስልኬን ሰዓት አስነሳና ከታንከሩ ሥር ያለውን የቤንዚን መክፈቻ እከፍታለሁ። የማየው መጠኑን ብቻ አይደለም፤ አወራረዱን ነው። በጉልበት ጀምሮ እየቀጠነ ከሄደ ክዳኑ ነው። ክዳኑን ስከፍት ከጎለበተ ደግሞ ምስክር አያስፈልግም። ከመጀመሪያውም ቀጭን ከሆነ መክፈቻው ወይም ታንከሩ ውስጥ የምትገባው ወንፊቱ ተደፍኗል፤ ወይም ቱቦው ተጣጥፏል፤ ወይም ውስጡ አብጧል። የውኃ ቱቦ ቆርጦ ለቤንዚን የሚገጥም ብዙ ሰው አለ። ቤንዚን ደግሞ ለዚያ ያልተሠራ ጎማ ሲነካ ወይ ያሳብጠዋል ወይ ያደርቀዋል። የኔዋ ደህና ስትሆን ግማሽ ሊትሩን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ትሞላለች። ያ ከምትጠጣው በብዙ እጥፍ ነው፤ ጤነኛ መንገድም እንዲህ ትርፍ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው የሙከራው ጉድለት፣ ካርቡሬተሩ በር ላይ ማቆሙ ነው። በሩ ላይ ግን ሳህኑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚከፍታትና የሚዘጋት ትንሽ መርፌ አለች። ቱቦውን መልሳችሁ፣ የሳህኑን ማፍሰሻ ብሎን ፈትታችሁ ያንኑ ያህል ጊዜ ብታፈሱ መርፌዋም ተፈተነች ማለት ነው። ቱቦው ሲነቀል በደንብ ፈሶ እዚህ ከቀጠነ፣ ያኔ ጸሐፊውን ይቅርታ ጠይቃችሁ ካርቡሬተሩን ክፈቱ።

ሦስተኛም አለ። አንዳንድ የጃፓን ሞተሮች መክፈቻቸው የሚከፈተው ሞተሩ ሲሠራ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል ነው። ቆመው ቱቦ ቢነቀል ጠብታ አይወጣም። እንዲህ ዓይነቱ መክፈቻ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይሠራም የሚያፈስበት «ፒአርአይ» የሚል ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ ካልዞረ በቀር መድረቁ ጤንነቱ ነው። በጽሑፉ ምክር ግን ጤነኛው መክፈቻ ይጣላል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ጅማ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ጋራዥ አላውቅም። ከሰሉ አጠገብ ቤንዚን አታፍስሱ። ጸሐፊውም «ውጭ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ» ብሏል፤ በዚህስ አንድ ነን።

ማደያውን በተመለከተ፣ ክፉ ቤንዚን የለም አልልም። ማደያ በሌለበት ትንሽ ከተማ በሃይላንድ እየተሸጠ ያለው ምን ያህል እንደከረመና ምን እንደነካው ሻጩም አያውቅ። ግን «ቀድቼ ስወጣ ጠፋ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ጣቱ ወደ ክዳኑ ነው የሚጠቁመው። ታንከሩ ሲሞላ ከላይ የሚቀረው አየር ትንሽ ነው። የቤንዚኑ ወለል ከካርቡሬተሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። በጅማ ከፍታ ያ አየር ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ከተለጠጠ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ግማሽ ሊትር አየር ብቻ ካለ ይሄ የሚሆነው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤንዚን ሲወርድ ነው። ታንከሩ ግማሽ ሆኖ አምስት ሊትር አየር ካለው ግን ከአንድ ሲኒ በላይ እስኪወርድ ይታገሳል። በተግባር ክዳን ሙሉ በሙሉ አይታፈንም፤ ትንሽ ይተነፍሳል። ስለዚህ ግማሽ ታንከር ላይ የቻለ ሞተር ሲሞላ ይሸነፋል። ባለሞተሩም ማደያውን ይረግማል።

ከመርገም በፊት ደግሞ ማየት ይቻላል። ከሳህኑ ሥር የወጣውን በብርጭቆ ያዙና አቁሙት። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይወርዳል፣ መሐሉ ላይም መስመር ይሠራል። ውኃ ከተገኘም ማደያው ብቻ አይጠረጠርም። ክረምቱን ሙሉ ደጅ የሚያድር፣ የክዳን ጎማው ያረጀ ሞተር ውኃውን ራሱ ይጠጣል። ፌስታሌን ያስገባሁት ለዚህ አልነበር?

ፊልትሮዋን ጣሉ ለሚለው፣ አንድ እውነት አለው። ለመኪና የተሠራ ባለ ወረቀት ፊልትሮ የሚያስበው ከኋላው ፓምፕ እንዳለ ነው። በክብደቱ ብቻ የሚወርድ ቤንዚን እሱን ሲያልፍ ሊደክም ይችላል። መፍትሔው ግን ለሞተር ሳይክል የተሠራችውን፣ ወንፊቷ የሚታየውን ትንሿን መግጠም ነው። አንድ ጓደኛዬ የያማሃ ኤጂ 100 ፊልትሮውን አውጥቶ ጣለ። ሁለት ወር በደስታ ነዳ። ከዚያ አጋሮ መንገድ ላይ ከታንከሩ የወረደች የዝገት ቅርፊት መርፌዋ ላይ ተቀመጠችና መዝጋት አቃታት። ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለው ሞተር ላይ ይፈስ ጀመር። ያጠረው ነዳጅ ተረፈው። እሳት አለመነሳቱ ዕድል ነው። የጅማ እርጥበት አሮጌ ታንከር እንዴት እንደሚያዝግ የሚያውቅ ሰው ፊልትሮ አይጥልም።

ሽቦውስ? ጄቶቹ ናስ ናቸው፣ ለስላሳ። ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋን ልክ ይነግራል። የሚኒሞዋ ቀዳዳ 0.4 ሚሊ ሜትር ናት እንበልና በብረት ሽቦ ተፍቃ 0.5 ብትሆን፣ ስፋቷ ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በዓይን አይታይም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ማንም ምክንያቱን አያገኘውም፤ ጸድቷል ተብሏላ። በቤንዚን ነክሮ ማሳደርና ጎሚስታ ጋ ወስዶ በአየር ማስነፋት ይሻላል። ተንሳፋፊው ግን መጀመሪያ ይውጣ፤ የኮምፕሬሰር አየር ሊጨፈልቀው ይችላል። አልወጣ ያለ ነገር ካለ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ትጠቅማለች። መዳብ ከናስ ይለሰልሳል። ጸሐፊው «ቀጭን ሽቦ» ሲል ይሄን ማለቱ ከነበረ ክርክሬን አነሳለሁ።

ሪዘርቭ ላይ ሐሳቡ ይገባኛል። መክፈቻው «ኦን» ሲሆን ቤንዚን የሚገባው ታንከሩ ውስጥ ቆማ ባለች ቀጭን ቱቦ አናት ነው። ሪዘርቭ ላይ ግን ከወለሉ ነው፣ ቆሻሻውም ያለው እዚያው። ግን አምስት ዓመት ሪዘርቭ ያልነካ ሰው ሥራው ማጠራቀም ነው። ውኃውም ዝገቱም እዚያ ይከማቻል። አንድ ቀን ሰርቦ መንገድ ላይ ቤንዚን ሲያልቅበትና ወደ ሪዘርቭ ሲያዞር የአምስት ዓመቱ ሁሉ ባንዴ ይመጣበታል። እኔ በየሁለት ሦስት ወሩ ቤቴ ቆሜ ሪዘርቭ ላይ አዞርና ትንሽ በብርጭቆ እቀዳለሁ። ቆሻሻ ከሆነ እጥለዋለሁ።

ከፍታው የመጨረሻው ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ነገሩን ገልብጦታል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯም ሳስ ያለ ነው። አየር ሲሳሳ ግን ካርቡሬተር ያለው ሞተር የሚያንሰው አየር ነው፤ ቤንዚኑ በአንጻሩ ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል እንጂ አይነጣም። ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ካንዴላ ግን ነጣ ብሎ ነው የሚገኘው፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ባለ ሁለት ምት ሲሆን ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ እስከ መጣበቅ ይደርሳል። «አገሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው» ብሎ ዝም ማለት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

የኔዋ ዛሬም አሮጌው ካርቡሬተሯ ላይ ናት። ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተመልሶ ተገጠመ። ክዳኑ አዲስ ጎማ አግኝቷል፣ ቀዳዳዋን በየወሩ በአፌ እነፋታለሁ። ያ ለሌላ ሞተር የተለካው አዲሱ ካርቡሬተር ካርቶኑ ውስጥ አልጋዬ ሥር አለ። ጸሐፊው አሁንም በሐሳቡ ከጸና ባነሰ ዋጋ እሸጥለታለሁ።